የመጨረሻዋ የአሸዋ ብልቃጥ

ችግሩ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ሃያ ሊትር መረቅ ውስጥ ባክቴሪያ አሳድገው፣ አጣርተውና አድርቀው ሲያበቁ እጃቸው ላይ የሚቀረው መድኃኒት ሁለት ሚሊግራም ነው። ሁለት ሚሊግራም በጥፍር ጫፍ የምትነሣ፣ አጠገቧ ቢያስነጥሱ የምትጠፋ ነጭ ብናኝ ናት። አዲስ መድኃኒት በአይጦች ላይ ለመሞከር ግን አንድ ግራም ይፈለጋል። ከዚያ በታች ይዞ የሚመጣን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የለም።

እስቲ አብረን እናስላው። ከሁለት ሚሊግራም ተነሥቶ አንድ ግራም ለመድረስ አምስት መቶ ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር አሥር ቀን ይፈጃል። አምስት መቶ ዙር አምስት ሺህ ቀን ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ያውም ማሽኑን አንድ ቀን ሳያመው፣ መብራት አንዴ ሳይጠፋ፣ ሠራተኛዋንም ጉንፋን ሳይይዛት።

ይህን ስሌት ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ላይ የሠራችው ሴት ሳይንቲስት አይደለችም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሆና ገባች። እያየች፣ እየጠየቀች፣ በትርፍ ሰዓቷም እየተማረች የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆነች። ሥራዋ ባክቴሪያዎችን ከአፈር ማውጣትና መንከባከብ ነው። ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ድረስ ሁሉም «ጭቃ ሹሟ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው።

ችግሩ ለዓመታት የሰሌዳ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። ኋላ ግን የዚሁ ወንድሟ ቀኝ እግር ገባበት።

ወንድሟ ግንበኛ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ለአንድ መኖሪያ ቤት መሠረት ሲያስቆፍር፣ ጭቃ ሹሟ እንደ ልማዷ አፈር አምጣልኝ ብላ ያዘችው። መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ አፈር እንዲያመጣላት ትለምን ነበር።

«የሰው እህት ወርቅ አምጣልኝ ትላለች፤ የኔዋ አፈር ስጠኝ» አላት። «ሌላ ሰው ቢለኝ ረገመኝ ብዬ እጣላው ነበር።»

ሆኖም አመጣላት። ክንድ ተኩል ከሚሆን ጥልቀት የወጣ ጥቁር እርጥብ አፈር በክብሪት ሳጥን ሞልቶ። የዚያን ቀን ነው «ጭቃ ሹሟ፣ ግብርሽን ተቀበዪ» ያላት።

አፈሩን በውሃ በጥብጣ፣ አቅጥና፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ አፈሰሰችው። ከአምስት ቀን በኋላ ሳህኑ ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰባቸው፣ የተጨማደዱ፣ መሬት ቆንጥጠው የያዙ ትናንሽ ክቦች ታዩ። እያንዳንዱ ክብ ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ መንደር ነው። ዝናብ ጠብ ሲል መሬት የሚሰጠውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙው የሚመጣው ከእነዚህ ባክቴሪያዎች እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሳህኑን ክዳን ስትከፍት ምድር ቤቱ በበጋ የዘነበበት መሰለ። ከክቦቹ አንዱ በዙሪያው የነበሩትን ሌሎች ተህዋስያን ሁሉ ገድሎ ባዶ ቀለበት ሠርቶ ነበር። መድኃኒት የሚሠራው እሱ ነው።

ለምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ጭቃ ሹሟን እስከ ዛሬ ያስደስታታል። ምግብ በሞላ ጊዜ ባክቴሪያው ያድጋል፣ ይባዛል፣ ማንንም አይነካም። ምግቡ ሲያልቅ ግን ዱቄቱን ያወጣል፤ ዱቄቱ ዘሩ ነው። ዘሩን ከጎረቤት ለመከላከል ደግሞ መርዝ ይሠራል። ለጎረቤቱ መርዝ የሆነው ለሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሠራው ሲርበው ነው፣ የሚሠራበት ዕቃ ግን ከምግብ ነው የሚመጣው።

ዕቃው አሚኖ አሲድ ነው። አሚኖ አሲድ ማለት ሕይወት ያለው ሁሉ ገላውን የሚገነባበት ድንጋይ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ዋና ዋናዎቹ ሃያ ዓይነት ናቸው፤ ባክቴሪያውም ግንበኛውም የተሠሩት ከእነዚያው ሃያ ነው። የዚህ መድኃኒት ዋና ድንጋይ ላይሲን የሚባለው ነው። ላይሲን ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ሦስት በር ይጠብቀዋል። በአንዱ ከገባ ገላ ይሆናል። በሁለተኛው ከገባ እንደ ማገዶ ነድዶ ጉልበት ይሆናል። በሦስተኛው፣ በጠባቡ በር የገባው ብቻ መድኃኒት ይሆናል።

መጀመሪያ ያደረገችው ማንም ሊያስበው የሚችለውን ነው፤ ላይሲኑን ጨመረችለት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አትረፍርፋ ሰጠችው። ባክቴሪያው ወፈረ፣ መረቁ እንደ አጥሚት ወፈረ፣ መድኃኒቱ ግን ከሁለት ሚሊግራም ወደ ግማሽ ወረደ። የጠገበ ሰው ጦር አይወረውርም። ቀጥላ አስርባው፣ ማደግ ሲያቆም በአራተኛው ቀን ሰጠችው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በጥቂቱ ከፍ አለ፤ ነገር ግን ፍላስኩን፣ የማሳደጊያውን ጠርሙስ፣ ስትከፍት የበሰበሰ ሥጋ ሸተታት። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ በደፋው ነበር። እሷ ግን መጽሐፍ ገልጣ አየች፤ ላይሲን በማገዶው መንገድ ሲሄድ የሚሆነው ነገር ልክ እንደ ሬሳ ይሸታል። አፍንጫዋ መልሱን ነገራት፤ የሰጠችው ድንጋይ እየነደደ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን በር መዝጋት አለባት። በር መዝጋት ማለት ባክቴሪያው ላይሲንን ማንደድ እንዳይችል ማድረግ ነው። ዱቄቱን በአልትራቫዮሌት መብራት መታችው። መብራቱ አብዛኛውን ይገድላል፤ ከተረፉት ደግሞ አንዳንዱን አንድ ነገር ያሳጣዋል፤ አንዱ ቀለም ያጣል፣ ሌላው ፍጥነት። የማንደጃውን በር ያጣውን ከሺዎች መሀል እንዴት ታገኘዋለህ? መልሱ የተገኘው ከልብስ ሰፊ ቤት ነው።

«ከፋይ ጨርቅ ነበር የፈለግሁት» አለችው ልብስ ሰፊውን። «ጠጉሩ አጭርና ቀጥ ያለ።»

«ለቀሚስ ነው ለመጋረጃ?»

«ለባክቴሪያ።»

«ሰርግ አላቸው?» አለ መቀሱን ሳያስቀምጥ። «ባለ ጥለት ላሳይሽ?»

ከፋዩን በክብ እንጨት ላይ ወጠረችው። በእንፋሎት አጸዳችውና መንደሮች የሞሉበትን ሳህን ደፍታ ጫነችበት። የከፋዩ ጠጉር ከእያንዳንዱ መንደር ጥቂት ጥቂት ያነሣል። ከዚያ አዲስ ሳህን ስትጭንበት እንደ ማኅተም ያንኑ ካርታ ያትማል። አንዱ ሳህን ሁሉም ምግብ ያለበት ነው፤ ሌላው ከላይሲን በቀር ምንም የለበትም። በመጀመሪያው ላይ በቅሎ በሁለተኛው ላይ ቦታው ባዶ የሆነው፣ ያ ነው ላይሲን ማንደድ የማይችለው። እንዴት ያለ የተዋበ ዘዴ ነው፤ የምትፈልገውን የምታገኘው በሌለበት ቦታ ነው። አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ መንደር አየች። አራት ባዶ ቦታ አገኘች። ሦስቱ ደካሞች ነበሩ። አራተኛዋ ግን ሬሳ አልሸተተችም፤ ከሃያ ሊትርም ስድስት ሚሊግራም ሰጠች።

የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ካነበቡ በኋላ፣ «ሚዛኑን ማን ነው የነካው?» አሉ።

«ማንም አልነካውም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው አሥራ አራቱን ዓመት ወደ አምስት አወረድሽው ማለት ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከእሳቸው ይህ ጭብጨባ ነው።

የአራተኛዋን ዱቄት በደረቀ ንጹሕ አሸዋ ለወሰችና በሦስት ትናንሽ ብልቃጥ አሸገችው። ዘሩ በአሸዋ ውስጥ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ሳይለወጥም ለብዙ ዓመት ይተኛል። አንደኛውን ብልቃጥ ለሥራ ከፈተችው። ሁለተኛው ወድቆ ተሰበረ። ሦስተኛውን በመሳቢያዋ ጥግ በጥጥ ጠቅልላ አስቀመጠች።

በወሩ ትልቁ ማሳደጊያ ማሽን ቆመ። ማሽከርከሪያውን ከታች የሚያሽገው ጎማና ሞተሩ አብረው ተበላሹ። መለዋወጫው ታዘዘ፤ ከዚያ ተጠበቀ፤ ከዚያ የተሳሳተ መጠን መጣ፤ ተመልሶ ታዘዘ። ሁለት ዓመት ተኩል።

በዚህ ጊዜ የጭቃ ሹሟ ሥራ አራተኛዋን በሕይወት ማቆየት ብቻ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ከአሮጌው ሳህን ወደ አዲስ ሳህን ታሻግራታለች። የሽቦ ቀለበቱን በእሳት ታግላለች፣ ታበርዳለች፣ ከመንደሮቹ አንዱን ትመርጣለች፣ ትነካለች፣ አዲሱ ላይ ትሰምራለች። የአሸዋውን ብልቃጥ ከፍታ እንደገና ከእናቲቱ መጀመር ትችል ነበር። ግን የመጨረሻው ነው፤ ሳሳችለት። ሳትነካው የልጅ ልጅን፣ የልጅ ልጅ ልጅን ማሻገር መረጠች።

ንጹሕ እጅ ነው ያላት። ዱቄት የሚበዛበት መንደር ሲነካ ይቦናል፣ የጎረቤት ሳህን ያበላሻል። ስለዚህ በየወሩ ልሙጡን፣ ፈጣኑን፣ ዳር ዳሩ የተስተካከለውን ትመርጥ ነበር። ሠላሳ ጊዜ አሻገረች። ሳህኖቹ ከወር ወደ ወር እያማሩ ሄዱ። ዶክተሩ ጎብኚ ሲመጣ የእሷን ሳህን ነበር የሚያሳዩት።

መለዋወጫው ሊመጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ወንድሟ ከመወጣጫ ላይ ተንሸራቶ የቆመ ፌሮ ብረት ላይ ወደቀ። ብረቱ ከጉልበቱ በታች ገብቶ አጥንቱን ነካው። ቁስሉ ከላይ ሲድን ከታች ያመግላል። ሐኪም ቤት የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጡት፤ አልሠራም። ሁለተኛውን፤ አልሠራም። ሦስተኛውም አልሠራ ሲል ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ጭቃ ሹሟን ኮሪደር ላይ ጠራቻት።

«ያንቺ ሥራ እኮ ተህዋስ አይደል?» አለቻት። «ይሄኛው ሦስቱንም ለምዷል። እንደ ሻይ ነው የሚጠጣቸው።»

«ሲስተር፣ ከፈሳሹ ትንሽ ብወስድስ?»

«ኃላፊሽ ወረቀት ይጻፉ እንጂ እኔ ምን ገዶኝ።»

ዶክተሩ ጻፉ። ጭቃ ሹሟ የወንድሟን ተህዋስ በጥጥ ወስዳ በሳህን ሙሉ ዘራችው። ከአሮጌው ዘመን በማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ሚሊግራም ቀርቷት ነበር። ከእሱ ቅንጣት በውሃ አሟሙታ በትንሽ ክብ ወረቀት ላይ አንጠበጠበችና ሳህኑ መሀል አኖረችው። በማግስቱ ጠዋት ሳህኑ በሙሉ ግራጫ ሆኖ አድሮ ነበር፤ በወረቀቱ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ነበር። በማስመሪያ ለካችው። ሃያ አንድ ሚሊሜትር።

ፎቶ አንሥታ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ይህን በማድረጓ ዛሬም ትጸጸታለች።

ወንድሟ አልጋው ላይ ተደግፎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አራቀ። «ይሄ ግራጫው የኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እዚህ ክቡ ውስጥ የነበረውስ የት ሄደ?»

«ሞተ።»

ስልኩን መለሰላት። ከዚያ፣ «በመርፌ ነው በአፍ?» አላት።

«ጋሼ፣ አይሰጥም። ሰው ቀርቶ አይጥ አልቀመሰውም። የዚህ ዘመዶች ኩላሊት ያበላሻሉ።»

«ኩላሊት ሁለት ነው።»

«እግርም ሁለት ነው» አለች፤ ከአፏ ሳይወጣ ብትውጠው በወደደች።

ወንድሟ ግን ሳቀ። «አየሽ፣ ሹመት ሲለመድ አፍ ይሰላል» አለ። ሳቁ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያው ጠብታ ብትሰጪኝ እኔ ለማን እናገራለሁ?»

«ጠብታ ምንም አይሠራልህም። ያለኝ አራት ሚሊግራም አይሞላም። አንተን አንድ ቀን ለማከም ግራም ነው የሚያስፈልገው። በሳህን ላይ ነው እንጂ የሚገድለው፣ ባንተ ላይ...»

«ላም አለኝ በሰማይ በይኛ።»



ቀዶ ሐኪሙ የስድስት ሳምንት ጊዜ ሰጡት። በስድስት ሳምንት መግሉ ካልቀነሰ አጥንቱ አይተርፍም፤ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ጭቃ ሹሟ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ሐሳቧ አርባ ሁለት ቀን ለአሥር ሲካፈል አራት ዙር ነው የሚል ነበር። ሞኝ አይደለችም። አራት ዙር ሃያ አራት ሚሊግራም ነው፤ ከሃያ አራት ሚሊግራም እስከ ወንድሟ ክንድ ድረስ አይጦች አሉ፣ ኮሚቴዎች አሉ፣ ዓመታት አሉ። ዶክተሩም ይህንኑ በለሆሳስ ነገሯት።

«አውቃለሁ፣ ዶክተር» አለች።

«ታዲያ ለምን ዓርብ ዕለት ይጀመር አልሽ?»

«እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ጎማውና ሞተሩ መጥተው ስለነበር ዓርብ ተጀመረ። ከሠላሳ ጊዜ ሽግግር የተረፈችውን ውብ ሳህን መረቁ ውስጥ ዘራች፣ አሳደገች፣ አስራበች፣ በአራተኛው ቀን ላይሲኑን ጠብ ጠብ አደረገች። በአሥረኛው ቀን አጣርታ አደረቀች። ሚዛኑ ዜሮ አለ። የወንድሟ ተህዋስ ባለበት ሳህን ላይ ሞከረችው። ግራጫው ከዳር እስከ ዳር ሳይነካ አደረ።

ውሃውን ጠረጠረች፤ ቀየረችው። ሁለተኛ ዙር፤ ዜሮ። ላይሲኑን ጠረጠረች፤ አዲስ እሽግ ከፈተች። ሦስተኛ ዙር፤ ዜሮ። ሠላሳ ቀን ሄደ። ማሽኑን ጠረጠረች፣ ሙቀቱን ጠረጠረች፣ ሚዛኑን ጠረጠረች። ባክቴሪያዋን ብቻ አልጠረጠረችም፤ እንዴት ትጠርጥር፣ እንደዚያ ያማረች።

ምን እንደሆነ የገባት የሳህኑን ክዳን ከፍታ ስትቆም ነው። አፍንጫዋን አቀረበች። ምንም አይሸትም። የዝናቡ ሽታ የለም። ምድር ቤቱ ከመቼ ጀምሮ እንደማይሸት ልታስታውስ ሞከረች፤ አልቻለችም። የሥራ ደብተሯን አወጣች። በየወሩ ከተሻገረው መንደር አጠገብ በገዛ እጇ የጻፈችው ነበር፤ «ያማረ»፣ «ልሙጥ፣ ፈጣን»፣ «በጣም ያማረ»፣ «ዱቄት የለውም፣ ንጹሕ»።

መድኃኒት መሥራት ለባክቴሪያው ሸክም ነው፤ ድንጋዩንም ጉልበቱንም ይፈጃል። ከመቶ ሺህ አንዱ በአጋጣሚ ያን ሸክም ይጥላል። ሸክሙን የጣለው ይፈጥናል፣ ይለሰልሳል፣ ዱቄት ስለማያወጣ ራሰ በራ ሆኖ ያብረቀርቃል። በአፈር ውስጥ ቢሆን ጎረቤት ይበላዋል። በጭቃ ሹሟ ሳህን ላይ ግን ጎረቤት የለም፤ ያለው ምርጫዋ ነው። በሠላሳ ወር ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሰነፉን መርጣ ታታሪውን ደፍታዋለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ እጇ እንደዚያ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ ምናልባት በስሕተት አንዱ ባለ ዱቄት በተረፈ ነበር።

ለዶክተሩ ነገረቻቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልጠረጉትም። «ለጎብኚ የማሳየው እኔ ነበርኩ» አሉ።

ለወንድሟም ነገረችው። የማይገባው መስሏት ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። «ቆይ፣ በመልኩ ነው የመረጥሽው?»

«በመልኩ።»

«እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ድንጋይ በመልኩ አይመረጥም። መዶሻ ታሳርፊበታለሽ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይሸከማል፤ ዱብ ካለ ውስጡ ተሰንጥቋል። ፊቱ ልስልስ ያለውን እኮ በር ላይ ነው የምናደርገው፣ እንግዳ እንዲያየው።»

«አንተ ስለ ድንጋይ ነው የምታወራው።»

«አንቺስ ስለምን ነበር፣ ድንጋይ ነው ያልሽኝ አሚኖ ምናምኑን።»

ከዚያ አፈሩን ድጋሚ ከቦታው ቢያመጣላት ይሻል እንደሆነ ጠየቃት። ሁለቱም ቦታውን ያውቁታል። የዚያ ቤት መሠረት ከተሞላ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ክብሪት ሳጥኑ የተሞላበት ጥግ አሁን የፊት ለፊቱ ደረጃ ሦስተኛ እርከን ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አፈርሰዋለሁ» አለ። «ባለቤቱ ሲወጣ ይጠንቀቅ እንጂ።» ነርሷ ከወዲያኛው አልጋ ሰምታ ሳቀች። ከዚያ መጥታ ፋሻውን ፈታች።

በአርባ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እግሩ ተቆረጠ። ጭቃ ሹሟ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ ልብሱን በከረጢት አምጥታ ሰጠቻት። ከላይ ሁለቱ ጫማዎች ነበሩ። ሁለቱንም ወደ ቤት ወሰደቻቸው፤ አንዱን ምን እንደምታደርገው ማን ይነግራታል።

ለሁለት ሳምንት ሥራ አልገባችም። በሦስተኛው ሳምንት ገብታ መሳቢያዋን ከፈተች፤ ጥጡን ፈታች። የመጨረሻዋ ብልቃጥ በውስጧ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ አሸዋ ነበራት። አራተኛዋ፣ ሳትሻገርና ሳትመረጥ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተኛች አለች፤ ካለች።

ሁሉን በአንድ ጊዜ ልትደፋው አልደፈረችም፤ ሳትከፍተው ልታቆየውም ከእንግዲህ አይሆንላትም። ለብልቃጧ መሳሳቷ ያስከፈላትን አይታዋለች። ግማሹን አሸዋ በሳህን ላይ ነሰነሰች። ሦስት ቀን ምንም አልታየም። በአምስተኛው ቀን ምንም። በስድስተኛው ቀን ሳህኑን ለመጣል ወስና ሳትጥለው ቀረች፤ ስንፍና ይሁን ተስፋ ለራሷም አልገባትም። በዘጠነኛው ቀን ዘጠኝ ነጥብ ታየ። ሁለቱ ልሙጥና አብረቅራቂ፣ ሸክማቸውን የጣሉ ናቸው፤ ወዲያው ከሳህኑ ሥር በቀለም ሰረዘቻቸው። ሰባቱ ግን ተጨማድደው፣ ግራጫ ዱቄታቸውን ለብሰው፣ ዳር ዳራቸው የተቆራረሰ ነበር። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አሸተተች። በጣም ቀጭን ነው፤ ዘነበ ለማለት የማይበቃ፣ ሩቅ ቦታ የዘነበ ያህል።

አሁን የምትሞክረው ይህ ነው። ሰባቱን በሰባት ትናንሽ ፍላስክ ዘርታለች፤ በመልክ ልትመርጥ አትችልምና ሁሉንም መዶሻ ታሳርፍባቸዋለች። ሦስት ቀን አብልታ በአራተኛው ቀን ታስርባለች። ሲርባቸው ላይሲኑን በአንድ ጊዜ አትሰጥም፤ በየሰዓቱ ጠብታ፣ ጠግበው እንዳይተኙ፣ ርቧቸውም እንዳይሞቱ። ሬሳ ከሸተተ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ዝናብ ከሸተተ ተስፋ አለ። የሚመሰክረው ግን ሽታም መልክም አይደለም፤ ከየፍላስኩ ጠብታ ወስዳ የወንድሟ ተህዋስ ባለበት ሳህን ላይ ስታኖር የሚከፈተው ክብ ነው። ያ ተህዋስ የተወሰደበት እግር አሁን የለም። ዶክተሩ ሌላ መፈተኛ ተህዋስ ማቀዝቀዣው ሙሉ እንዳለ ነግረዋታል። እሺ ብላለች፤ ግን አልቀየረችውም።

ወንድሟ በክራንች መሄድ ጀምሯል። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፣ ጠብታ የሚጀመርበት፤ ደረጃውን በቂጡ እየተንፏቀቀ ምድር ቤት ወረደ፤ እርዳታ አልቀበልም ብሎ። በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሰባቱን ፍላስክ እንደ ድንጋይ ክምር አንድ በአንድ አያቸው።

«ከነዚህ የትኛዋ ናት?»

«አላውቅም።»

«ግራም የሚሞላው መቼ ነው?»

አሰላችለት። አንዷ እንደ ድሮዋ ስድስት ሚሊግራም ከሰጠች፣ ማሽኑ ካልቆመ፣ አምስት ዓመት። ከሰባቱ አንዷ እንኳ መሥራቷ አልታወቀም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ» አለ። «እንግዲህ እኔና እንቁላሉ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ እናያለን።»

ጭቃ ሹሟ ወደ ፍላስኮቹ ዞረች። ጠብ ማድረጊያውን በእሳቱ ዳር አሳልፋ፣ የመጀመሪያውን ፍላስክ አንገት አዘንብላ፣ አንድ ጠብታ ለቀቀች። ከዚያ ሁለተኛውን። ሰባቱን ስትጨርስ የግድግዳውን ሰዓት አይታ በደብተሯ ላይ ጻፈች። በአጠገቡ፣ ሠላሳ ወር ሙሉ «ያማረ» ስትልበት በነበረው አምድ ላይ፣ ምንም አልጻፈችም። የሚቀጥለው ጠብታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈና መጠበቅ ጀመረ።